ከአስፈሪ ሲኒማ ዳይሬክተሮች ከማን እንጀምር? ለአዲስ አበባ ጀማሪ ፊልም ሠሪዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ ከጥንቶቹ የአዲስ አበባ ፊልም ማሳያዎች አንዱ የነበረውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ፣ በአካል የሌለ ሰው ሲራመድና ሲስቅ ማየት ራሱ የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። ስለ አስፈሪ ሲኒማ ዳይሬክተሮች ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህ ስም ትዝ ይለኛል፤ የዘርፉ ታላላቅ ሰዎች የደከሙት ሁሉ፣ ተመልካቹ ፊልምን ከለመደ በኋላ ያንን የመጀመሪያ ድንጋጤ መልሰው ለማምጣት ነውና።

ይህ መመሪያ የመነጨው በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ፊልም ስናይ ደጋግሞ ከቀረበልን ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ አጭር አስፈሪ ፊልማቸውን ለመሥራት ያሰቡ ወጣቶች «የትኛውን ዳይሬክተር ላጥና?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚያገኙት መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ስሞችን የያዘ ዝርዝር ነው። ሃያ ዳይሬክተር በአንድ ወር ውስጥ ያየ ሰው ሃያ አስደንጋጭ ትዕይንት ያስታውስ ይሆናል እንጂ አንዱም እንዴት እንደተሠራ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው ማን ከማን ይበልጣል የሚል ደረጃ አይደለም፤ በእጁ አንድ ካሜራ ወይም ደህና ስልክ፣ የተዋሰው ቤት፣ አራት አምስት ጓደኞችና ጥቂት ሌሊቶች ብቻ ያሉት ጀማሪ ከማን ጋር ብዙ ወራት ቢቆይ እንደሚጠቀም ለመለየት የሚረዳ ንጽጽር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተጽዕኖ የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይቀላቅላል። አንደኛው ዳይሬክተሩ የሲኒማን ቋንቋ ምን ያህል ለወጠ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የእርሱ አሠራር በሌሎች እጅ ምን ያህል ሊደገም ቻለ የሚለው ነው። በመጀመሪያው መለኪያ ሂችኮክና ኩብሪክ ከፊት ይቆማሉ። በሁለተኛው ግን ሮሜሮና ካርፔንተር ይቀድማሉ፤ ብዙ ወጣቶች የእነርሱን ፊልም አይተው «ይህንንማ እኔም እሞክረዋለሁ» በማለት ካሜራ አንሥተዋልና። እኔ የምመዝነው በሁለተኛው ነው።

ሂችኮክ፦ ከቀረጻው በፊት የሚያልቅ ሥራ

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲሠራ ስሙ የገነነ ዳይሬክተር ነበር፤ ሆኖም ፊልሙን የሠራው በ800,000 ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ አብዛኞቹን ባለሙያዎች ከራሱ የቴሌቪዥን ዝግጅት አምጥቶ ነው። ታዋቂዋን ተዋናይት ጃኔት ሊን ታሪኩ ግማሽ ሳይደርስ ገደላት፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላም ማንም ወደ አዳራሽ እንዳይገባ አስደረገ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ በፊልሙ ላይ ከ1 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ቢወስድም ቀረጻው 1 ሳምንት ገደማ ፈጅቷል። ትዕይንቱን ቀስ አድርጎ ለሚመለከት ሰው የሚታዩት እጅ፣ ቢላዋ፣ ውኃ፣ የተከፈተ አፍ፣ የሚቀደድ መጋረጃ ናቸው፤ እነዚህን አገናኝቶ ቁስሉን የሚሠራው ተመልካቹ ራሱ ነው። ሂችኮክ ይህን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊያልፈው አስቦ እንደነበረና የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሠራውን ጩኸት ካሰማው በኋላ ሐሳቡን እንደለወጠ መታወቁ ደግሞ፣ ታላቅ ዳይሬክተርም የሥራ ባልደረባውን እንደሚሰማ ያሳያል።

ከሂችኮክ የምንወስደው ዋና ትምህርት በድንጋጤና በልብ አንጠልጣይነት መካከል ያለው ልዩነት ነው። እርሱ ራሱ ሲያስረዳ፣ ሁለት ሰዎች በሚያወሩበት ጠረጴዛ ሥር ቦምብ ቢኖርና ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ይገኛል፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልብ ያንጠለጥላል ይላል። ይህን ለመለማመድ ገንዘብ አያስፈልግም። ቡና የምታፈላ ሴት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመ ሰው፣ ያንን ሰው ተመልካቹ አይቶት እርሷ ሳታየው ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳ ድረስ መጠበቅ በቂ ነው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ፊልሙን በሂችኮክ መንገድ የሚሠራ ሰው ቅንብር ላይ ሲደርስ ይቸገራል። የእርሱ ትዕይንቶች ብዙ ቁርጥራጭ ይፈልጋሉ፤ የተዋስነው ቤት ባለቤት ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ላይ «በቃችሁ» ይሉናል። በአንድ ወቅት 40 ሾት በወረቀት ላይ ሥለን ሄደን 12 ብቻ ይዘን ተመልሰናል፤ በእነዚያ 12 ሾቶች የተቀናበረው ትዕይንት ማን የት እንደቆመ እንኳ አይለይም ነበር። ሂችኮክን ምረጡ የምለው ቦታውን ለብዙ ቀናት የማግኘት ዋስትና ላለውና ሾቱን ሁሉ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ለመጨረስ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ካርፔንተር፦ ባዶ ቦታን መጠቀም

ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን»ን በ1978 ያወጣው በ325,000 ዶላር ገደማ፣ በ20 ቀን ገደማ ቀርጾ ነው። የገዳዩ ጭምብል ከመደብር በርካሽ የተገዛ፣ ነጭ የተቀባና የዓይኑ ቀዳዳ የሰፋ የሌላ ገጸ ባሕርይ ጭምብል ነበር። ታሪኩ በኢሊኖይ ግዛት በመኸር የሚፈጸም ሲሆን ቀረጻው የተካሄደው በካሊፎርኒያ በጸደይ ስለነበረ፣ ቡድኑ ቀለም የተቀቡ ቅጠሎችን መንገድ ላይ እየበተነ፣ ሾቱ ሲያበቃ እየለቀመ ለሚቀጥለው ይጠቀምባቸው ነበር። የሂችኮክ ተጽዕኖም በግልጽ ይታያል፤ መሪ ተዋናይቷ ጄሚ ሊ ከርቲስ የዚያችው የጃኔት ሊ ልጅ ናት።

ነገር ግን ካርፔንተር ፍርሃትን የሚሠራበት መንገድ ከሂችኮክ ይለያል። ሂችኮክ ትዕይንቱን ይቆራርጣል፤ ካርፔንተር ሰፊ ፍሬም ይዞ ይቆያል። ልጅቷ በፍሬሙ በአንድ ወገን ትቆማለች፣ ሌላው ወገን ባዶ ነው፤ ተመልካቹ ያንን ባዶ ቦታ በዓይኑ እየፈተሸ ራሱን ያስፈራል። በዚህ ምክንያት ካርፔንተር ለእኛ ከተማ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። የኮንዶሚኒየም ረጅም ኮሪደር፣ ፒያሳ ውስጥ ተርፈው በሚገኙ የቆዩ ቤቶች ያለ የእንጨት ደረጃ፣ መብራት ሲጠፋ በአንድ ሻማ የቀረ ሳሎን፣ ሁሉም ባዶ ወገን አላቸው። ካሜራውን በቦታው ተክሎ፣ ተዋናዩን ወደ አንድ ጠርዝ አስጠግቶ ከ30 ሰከንድ በላይ ያለ ቅንብር ለመቆየት የደፈረ ጀማሪ፣ ከካርፔንተር ትልቁን ነገር ወስዷል ማለት ነው።

ሙዚቃውንም የሠራው ራሱ ነው። የፊልሙ መግቢያ ዜማ በ5/4 ምት (አምስት አምስት እየተቆጠረ በሚሄድ ምት) የተቀናበረ ቀላል የፒያኖ ድግግሞሽ ሲሆን፣ ይህን ምት ያስተማረው የሙዚቃ መምህር የነበረው አባቱ ነው። ጆሮ አራተኛው ላይ የሚጠብቀው ማረፊያ አንድ ምት ይዘገይበታል፣ ሰውነትም ምክንያቱን ሳያውቅ ይጨነቃል። ባለ አንድ ክሩ ማሲንቆ ይህን የመሰለ ድግግሞሽ ለመሸከም ምን ያህል እንደሚችል ባለሙያ ይዞ መሞከር ተገቢ ነው፤ የሰማኋቸው አገርኛ አስፈሪ ሥራዎች ከኢንተርኔት የተለቀመ የውጭ ሙዚቃ ሲደርቡ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ከ«ሃሎዊን» በኋላ በ1982 የሠራው «ዘ ቲንግ» በወጣበት ጊዜ ገበያም ሂስም አልቀናውም ነበር፤ ዛሬ ግን ከዘርፉ ምርጦች ይቆጠራል። በበረዶ በተከበበ ጣቢያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከመካከላቸው ማን ሰው እንዳልሆነ ያጡበት ፊልም ነው። የሰውነት መለዋወጡን የሠራው ሮብ ቦቲን ያሳየው ጥበብ ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ለጀማሪ የሚጠቅመው እርስ በርስ መጠራጠሩ ነው።

ሮሜሮ፦ አንድ ቤት፣ አንድ ሬዲዮ፣ የማይስማሙ ሰዎች

ጆርጅ ሮሜሮ ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ዳይሬክተር ነው። በ1968 የወጣውን «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የሠራው ፒትስበርግ አካባቢ፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ በ114,000 ዶላር ገደማ ነው። ለደም የተጠቀሙበት የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ ሥጋና አንጀቱን ደግሞ በሥጋ ንግድ የተሠማራ ደጋፊያቸው አቀረበላቸው። ዛሬ ዓለም «ዞምቢ» ብሎ የሚጠራውን ሥጋ በል ሬሳ ለሲኒማ የሰጠው ይህ ፊልም ነው፤ የሚገርመው ግን ቃሉ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም። አከፋፋዩ የፊልሙን ርእስ ሲቀይር የባለቤትነት ምልክቱን ሳይጽፍበት በመቅረቱ በአሜሪካ የቅጂ መብት ጥበቃውን አጣ፤ ሮሜሮ ሊያገኝ የሚገባውን ገንዘብ ቢያጣም፣ ፊልሙ በየቦታው እየተባዛ ለመታየት በቃ።

መሪ ገጸ ባሕርዩን የተጫወተው ጥቁሩ ተዋናይ ዱዌን ጆንስ ነው። ጽሑፉ ስለ ቆዳው ቀለም የሚለው ነገር የለም፤ ሮሜሮም የመረጠው ለቦታው ከቀረቡት ሁሉ የበለጠ ስለነበረ እንደሆነ ተናግሯል። ነገር ግን ፊልሙ የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ስለሆነ፣ አንድ ጥቁር ሰው በነጮች መካከል ቆሞ ስለ ቤቱ በር ሲከራከር ያየ ተመልካች ሁሉ ከራሱ ዘመን ጋር አያይዞ አየው። መጨረሻውን ላላየ ሰው አልገልጽም።

ይህን ፊልም ያየንበት ሳሎን ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። እንዲህ ያለ ፊልም አይወዱም፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ጓዳ ይገባሉ። የዚያን ቀን ግን የፊልሙ ሰዎች በሩን በሳንቃ መትተው ሬዲዮውን ከብበው ሲያዳምጡ ሲያዩ በር ላይ ቆሙ። «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ይህንንማ እኛም አይተነዋል» አሉ፤ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሌሊቶችን፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መስማትን፣ በር ሲንኳኳ የመጣው ማን እንደሆነ አለማወቅን ማለታቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሮሜሮ ያለኝ ግምት ከፍ ብሏል፤ ፍርሃቱ ከውጭ ከሚመጡት ይልቅ በውስጥ ያሉት መስማማት ባለመቻላቸው ላይ ስለተመሠረተ፣ በር ዘግቶ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሮሜሮን ለአዲስ አበባ ጀማሪ የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አብዛኞቹ ልምድ ያላቸው ተዋናዮቻችን ከመድረክ የመጡ ናቸው፤ ከሀገር ፍቅርም ሆነ ከብሔራዊ ቴአትር የወጣ ተዋናይ ድምፁ ይሰማል፣ ንግግር ይሸከማል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር መጋጨትን ያውቅበታል። የካርፔንተር ፊልም ግን ዝም ብሎ መቆምን ይፈልጋል፤ ለመድረክ ሰው ዝምታ ከባድ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተዋናይ ያገኘ ሰው ሮሜሮን፣ ጎበዝ የካሜራ ሰው ያገኘ ካርፔንተርን ይምረጥ።

ናካታና ክሬቨን፦ ካሴትና ዱካክ

የጃፓኑ ሂዴዮ ናካታ በ1998 «ሪንግ»ን ሲያወጣ የዓለምን አስፈሪ ሲኒማ አቅጣጫ ወደ እስያ መለሰ። ታሪኩ ከኮጂ ሱዙኪ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ አንድ የቪዲዮ ካሴት የተመለከተ ሰው በ7 ቀን ውስጥ ይሞታል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ፊልም ከሌላው በተለየ ስሜት ያየዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ሲቀዳ፣ ምስሉ እየደበዘዘ ሲሄድ የኖርንበት ነገር ነውና። ናካታ የሚጠቀምበት ደም ጥቂት ነው፤ የሚያስፈራው በጸጥታና በዝግታ ነው። የፊልሙ መንፈስ የሆነችውን የሳዳኮን እንግዳ አካሄድ ያገኘው ተዋናይቷን ወደ ኋላ እያስኬደ ቀርጾ ምስሉን በመገልበጥ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ ይህን ዛሬ ማታ ሊሞክረው ይችላል። ከካርፔንተር ጋር ሲነጻጸር ናካታ አነስተኛ ቦታና አነስተኛ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ በምትኩ ግን ንጹሕ ድምፅ ይፈልጋል፤ የሚረብሽ የመኪና ጥሩንባ የገባበት ጸጥታ ጸጥታ አይደለም።

ዌስ ክሬቨን ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት የኮሌጅ መምህር ነበር፤ ያደገውም ፊልም በማይፈቀድበት ጥብቅ የሃይማኖት ቤተሰብ ውስጥ ነው። የ1984ቱ «የኤልም ጎዳና ቅዠት» መነሻ የሆነው፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወጣቶች በእንቅልፋቸው ስለ መሞታቸው በጋዜጣ ያነበበው ዜና ነው። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚያስበው ዱካክን ነው፤ ሌሊት ደረት ላይ የሚወጣውን፣ ነቅተውም መጮህ የሚከለክለውን። የክሬቨን ትልቅነት ከእንቅልፍ የሚሸሽበት ቦታ እንደሌለ ማወቁ ላይ ነው፤ ቤት ይቆለፋል፣ ከከተማ ይወጣል፣ ሳይተኙ መኖር ግን አይቻልም። ለገዳዩ ሹራብ ቀይና አረንጓዴ የመረጠውም ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ለዓይን እንደሚከብዱ አንብቦ ነው። በ1996 ደግሞ «ስክሪም»ን ሠርቶ የዘርፉን ደንቦች ለሚያውቅ ትውልድ ዘርፉን እንደገና አስጀመረለት።

ክሬቨንን እንደ ሞዴል የሚወስድ ሰው መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የሕልም ትዕይንቶቹ ውድ ናቸው፤ ያለ ገንዘብ የተሠራ ሕልም ጭስና ባለ ቀለም አምፖል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከእርሱ ሐሳቡን ወስዶ አሠራሩን ከናካታ መበደር ይሻላል። የዱካክ ፊልም ተኝታ በምትነቃ ሴት፣ በማይንቀሳቀስ አካልና በክፍሉ ጥግ በሚሰማ እስትንፋስ ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ማንም እስካሁን በሚገባ እንዳልሠራው ስለሚሰማኝ ይህን በተለይ እመኛለሁ።

ለኋላ የሚቆዩ

ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 «ዘ ሻይኒንግ»ን ለመቅረጽ 1 ዓመት ገደማ ወስዷል፤ በኮሪደሮቹ ውስጥ ከሕፃኑ ኋላ የሚንሳፈፈውን ካሜራ የያዘው፣ ስቴዲካም የተባለውን የካሜራ ማረጋጊያ መሣሪያ የፈለሰፈው ጋሬት ብራውን ራሱ ነው። ሊደነቅ እንጂ በመጀመሪያ ፊልም ሊመሰል አይገባም። የዊልያም ፍሪድኪን የ1973 ሥራ፣ «ዘ ኤግዞርሲስት»፣ ለምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ነው፤ እኛ ጠበልን በየዕለቱ በምናይበት አገር የርኩስ መንፈስን ነገር መቅረጽ የአማኙን ክብር መጠበቅ ስለሚጠይቅ፣ ልምድ ካገኙ በኋላ ቢሞከር እመርጣለሁ። የካናዳው ዴቪድ ክሮነንበርግ የሰውነትን መበስበስና መለወጥ የሚያሳይ ሲሆን ያለ ጥሩ የሜካፕ ባለሙያ አይነካም። የጣሊያኑ ዳሪዮ አርጄንቶ በ1977ቱ «ሱስፒሪያ» ለመብራት ቀለም ፍቅር ላለው ሰው ደስ ያሰኛል፤ ለታሪክ ግን ከእርሱ ብዙ አይጠበቅም።

ጆርዳን ፒል ከእነዚህ ይለያል። የ1968ቱ ሮሜሮ ባይኖር የ2017ቱ «ጌት አውት» እንዴት ሊኖር እንደሚችል ለማሰብ ይቸግረኛል። በ4.5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ይህ ፊልም ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ሲሆን፣ ፒል በድርሰት ዘርፍ ለወጥ የፊልም ጽሑፍ ኦስካር የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። የመግቢያው ዘፈን በስዋሂሊ ቋንቋ ዋና ገጸ ባሕርዩን ከአደጋ ያስጠነቅቃል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች ማስጠንቀቂያውን እየሰማ አይረዳውም። ከሮሜሮ ጋር ስድስት ወር የቆየ ሰው ቀጥሎ ወደ ፒል ቢሄድ መንገዱ አይሰበርበትም።

እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ደግሞ የኤፍ ደብልዩ ሙርናው የ1922 ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ» አለ። የድራኩላ ደራሲ ባለቤት የነበረችው ሴት ከሳ፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ቢያዝም ጥቂቶቹ ተርፈዋል። በደረጃው ግድግዳ ላይ የሚወጣውን ጥላ በአንድ የእጅ ባትሪና በአንድ ነጭ ግድግዳ ዛሬም መሥራት ይቻላል።

እኛ ለዚህ ክረምት የመረጥነው ሮሜሮን ነው። ሰዎቹ ከቤት የማይወጡበት ታሪክ ዝናብ ሲዘንብም ይቀረጻል፤ ሬዲዮውም ከዝናቡ በላይ ይሰማል። ናካታን ለጥቅምት አቆይተነዋል፤ በሐምሌ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጸጥታ መቅዳት አይቻልም።